ለእናቴ በቁሟ ያለቀስኩበት ጫካ

ለእናቴ ሁለት ጊዜ አልቅሻለሁ። የመጀመሪያውን ያለቀስኩት እሷ በሕይወት እያለች፣ አልጋዋ ላይ ሆና «ሂሩት ደወለች?» እያለች በምትጠይቅበት ሰዓት ነበር። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ነገሩ የአንድ ቀን ነው፤ ከዚያ ቀን ግን እስከ ዛሬ አልወጣሁም።

ያኔ ሎስ አንጀለስ ከገባሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኝ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ነው የመጣሁት። ዌስትቼስተር፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ። የምኖረው ከፌርፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ካለ አፓርትመንት ውስጥ ከትዕግሥት ጋር ነው። ትዕግሥት ጎዳናው ላይ ካሉት የእኛ ምግብ ቤቶች በአንዱ አስተናጋጅ ናት። እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች፣ እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። ሳንጣላ የኖርነውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሌላው ሰው ጋሼ ተፈራ ነው። ዕድሜውን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ አሁን ጡረታ ወጥቷል። የታመመ ይጠይቃል፣ የሞተ ሰው አስከሬን ወደ አገር እንዲሄድ ይሯሯጣል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መርዶ ያረዳል። አገር ቤት ሰው ሲሞት ዘመድ የሚደውለው ለሐዘንተኛው ሳይሆን ለጋሼ ተፈራ ነው። እሱም ሁለት ሦስት ሰው አስከትሎ በማለዳ ይመጣል። «ጋሼ ተፈራ ጠዋት በርህን ካንኳኳ አትክፈት» እየተባለ ይቀለድበታል፤ ራሱም ይስቃል። ክርክር ደግሞ ነፍሱ ነው። ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች ብትሉት እንኳ «ማን አለ?» ሳይል አያልፋችሁም።

አባቴ የሞተ ጊዜ ግን ጋሼ ተፈራ ተቀደመ። አንድ የሩቅ ዘመዴ ሥራ ላይ ሳለሁ ደወለና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ፤ የሰማሁ መስሎት ነው። የሆቴሉ ኮሪደር ላይ የአንሶላ ጋሪ እየገፋሁ ነበር። ወደቅኩና ግንባሬ ተሰፋ፣ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ ወዲህ እዚህም እዚያም አንድ ሕግ ወጣልኝ፦ ሂሩት ብቻዋን ሆና ክፉ ወሬ እንዳትሰማ። ሕጉን ያወጡት ስለሚወዱኝ ነው፤ ይህን ዛሬም አልክድም።

እናቴ የምትኖረው አዳማ፣ ከታናሽ ወንድሜ ከዳንኤል ጋር ነበር። ኩላሊቷን ከታመመች ከርማለች። እኔ ስጠይቅ ግን ሁልጊዜ «ደህና ናት፣ እየተሻላት ነው» ነው መልሱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ስወጣ እደውልላታለሁ፤ እዚያ ሊመሽ ሲል ማለት ነው። ስልኩ ላይ ስሜን እያየች «ማነው?» ትለኛለች። «እኔ ነኝ» እላለሁ። «እኔ ማን?» «ሂሩት።» «የማን ልጅ?» «ያንቺ።» «እንግዲያው ግቢ፣ በሩ ክፍት ነው» ትላለች፣ ልክ ደጇ ቆሜ እንዳንኳኳሁ። በየሳምንቱ ያው ነው፣ አንድ ቃል አትጨምርም፣ አትቀንስም። ይህን ሳትል ወሬ አትጀምርም ነበር።

ያን ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ጋሼ ተፈራና ትዕግሥት የሆቴሉ በር ላይ መኪና አቁመው ጠበቁኝ።

«ምን ሆናችኋል?» አልኩ፣ ደንግጬ።

«ሰርፕራይዝ ነው» አለች ትዕግሥት። «ቀያዮቹን ዛፎች አንድ ቀን አሳዩኝ ትዪ አልነበር? ዛሬ ነው ቀኑ።»

እውነቷን ነው፣ ስል ከርሜያለሁ። የሆቴላችን ግድግዳ ላይ የሬድውድ ጫካ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። በግዙፎቹ ዛፎች መሃል ጅረት ይወርዳል፣ በጅረቱ ዳር ቀጭን የእግር መንገድ አለ። እንግዶች ፎቶውን እያዩ «ልጆች ይዘን የምንሄድበት ቀላል መንገድ የትኛው ነው?» ይሉኛል። እኔም አይቼው የማላውቀውን መንገድ በካርታ ላይ እንደ ባለቤት አሳያቸዋለሁ።

«ቅዳሜ እኮ ነው፣ ሥራሽስ?» አልኳት።

«ኦፍ ወሰድኩ።»

በምግብ ቤቱ ቅዳሜ ከሁሉ የበለጠ ሰው የሚበዛበት ቀን ነው። ያን ቀን ኦፍ የሚሰጠው ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ያደርኩ ሰው ነበርኩ፤ አእምሮዬ ተኝቷል።

«እሺ፣ መጀመሪያ እማዬ ጋ ልደውል» አልኩ።

«ስልክሽ ባትሪው ሊያልቅ ነው፣ አምጪው፣ ቻርጅ ላድርገው» ብላ ከእጄ ወሰደችው። «አንቺ ጋደም በይ። ጋሼ ነው ድራይቭ የሚያደርገው፣ ገና አምስት ሰዓት መንገድ አለን።»

ከኋላ ወንበር ላይ ትራስና ብርድ ልብስ አዘጋጅተውልኛል። እንደ ሕፃን ሸፈኑኝ። ሰው ሲንከባከበኝ ስለማላውቅበት በሆዴ ሳቅኩና ተኛሁ።

ስነቃ በግራችን ባሕሩ በጉም ተሸፍኗል፤ መንገዱ በገደሉ ጫፍ ይጠማዘዛል። ጋሼ ተፈራ ዝም ብሎ ይነዳል። መኪና እየነዳ ዝም ሲል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ስልኬን ስጪኝ፣ እማዬ ሳትተኛ» አልኩ።

ትዕግሥት ሳትዞር ስልኩን ወደኋላ አሳየችኝ። «ኔትወርክ የለም። እዚህ አካባቢ ምንም ሲግናል የለም አሉ።»

«ስንመለስ ትደውያለሽ ልጄ» አለ ጋሼ ተፈራ በመስታወቱ እያየኝ፤ ወዲያው ዓይኑን ከመስታወቱ ላይ አነሳ።

የጫካው መግቢያ ላይ መኪናውን ፓርክ አደረግን። ጋሼ ተፈራ ጉልበቱን ስለሚያመው ከሁሉም ቀላል የሆነውን መንገድ ጠይቆ አስመርጧል። እውነትም ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው፤ ከጅረቱ ጎን ለጎን ሄዶ በእንጨት ድልድይ ይሻገርና በሌላው ዳር ይመለሳል። ዛፎቹን አንገቴ እስኪያመኝ ሽቅብ አየሁ፣ ጫፋቸውን ግን አላገኘሁትም። ቅርፊታቸው ቀይ ሆኖ እንደ ገመድ የተተለተለ ነው። አንዳንዶቹ ድሮ በእሳት ተቃጥለው ከሥራቸው ሰው የሚያስቆም ዋሻ ሆነዋል፤ ላያቸው ግን አረንጓዴ ነው። መሬቱ የረገፈ ቅጠል ስለተነጠፈበት ሲረግጡት ድምፅ የለውም። እኩለ ቀን ሆኖ እዚያ ውስጥ ገና ያልነጋ ይመስላል፣ ደግሞም ይበርዳል።

ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ የሚያናድደኝ አንዱ ነገር ይህ ነው፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ፎቶው ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። አወራሁ፣ ሳቅኩ፣ ጅረቱ ውስጥ እጄን ነከርኩ። ጋሼ ተፈራን ደግሞ ላስቆጣው ብዬ ነካካሁት።

«ጋሼ፣ እውነቱን እንነጋገር፣ በስልክ የሚጠራው መኪና ከታክሲ በብዙ ይሻላል።»

ይህን ቃል ሌላ ቀን ብናገር ከፌርፋክስ እስከ ዳውንታውን እያስረዳኝ ይሄድ ነበር። የታክሲ ሥራ የሞተው በዚያ ምክንያት ነው ብሎ ያምናል፤ ስሙ ሲነሳ እንኳ አይወድም።

«እውነትሽን ነው» አለኝ።

ቆም ብዬ አየሁት። «አመመህ እንዴ?»

«ምንም አልሆንኩ። ሂጂ፣ ሂጂ።»

ትንሽ እንደሄድን ዛፎች ክብ ሠርተው ቆመዋል፣ መሃላቸው ባዶ ነው። አጠገባቸው ጽሑፍ አለ። ጋሼ ተፈራ ጮክ ብሎ እየተረጎመ ማንበብ ጀመረ። «እነዚህ ዛፎች ሁሉ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። መሃል ላይ የነበረችው እናት ዛፍ...» አለና አቆመ።

«እናት ዛፍ ምን?»

«ኦኬ፣ እንሂድ፣ ብርድ ነው» ብሎ ቀደመን።

ቀርቤ ራሴ አነበብኩት። እናቲቱ ሞታ በስብሳ፣ ልጆቿ በዙሪያዋ ቆመው ቀሩ ነው የሚለው። ያኔም አልገባኝም። መነጽሩን ረስቶ ይሆናል ብዬ አለፍኩ።

ከድልድዩ ማዶ ጅረቱ ዳር በወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጥን። ትዕግሥት ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል፣ ፍራፍሬም አውጥታ እኔ ፊት ደረደረችው። እሷ አትበላም። እንቁላል ልጣ እኔን ታጎርሰኛለች፣ «ብዪ፣ ጉልበት ያስፈልግሻል» ትላለች።

«ለምኑ ነው ጉልበት የሚያስፈልገኝ? መንገዱ እኮ ሜዳ ነው» አልኳት።

ሌላ እንቁላል መላጥ ጀመረች። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ «እናትሽስ?» ያለኝ ሰው የለም። ትዕግሥት በሩን ከፍታ ስትገባ ከ«ደህና ዋልሽ» ቀጥሎ የምትለው «እማማ እንዴት ናቸው?» ነው። ጋሼ ተፈራም እንደዚያው። እኛ ዘንድ የታመመች እናት ያላት ሰው ይህን ሳትጠየቅ አትውልም። ያን ቀን ግን ሁለቱም ረስተውታል። ሁለት ሰው አንድን ነገር በአንድ ቀን አይረሳም።

ብርዱ አጥንቴ ገባ። ሹራብ ካለ ብዬ የትዕግሥትን ቦርሳ ሳብኩ።

«ቆይ፣ እኔ ላውጣልሽ» ብላ ዘለለች፣ ግን ዚፑን ከፍቼዋለሁ።

ከላይ ጥቁር ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የኔ ነው። ለአባቴ ሐዘን የለበስኩት፣ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከሁሉም ልብስ በስተኋላ የሰቀልኩት ቀሚስ። ከሥሩ ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላ አለ።

«ትዕግሥት፣ ይሄ የኔ ልብስ ነው» አልኩ።

ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ጋሼ ተፈራ ከግንዱ ላይ ተነሳና ኮፍያውን አወለቀ። ጋሼ ተፈራ ኮፍያውን አውልቆ ፊት ለፊታችሁ ከቆመ ሌላ ምን ትጠብቃላችሁ።

«እማዬ ናት?» አልኩት።

«ልጄ፣ ጠንከር በይ። ያለ ነገር ነው። ነገ ቤትሽ፣ ሰው ባለበት፣ በወጉ...» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አላስታውሰውም። ጅረቱ ዳር ጠጠሩ ላይ ነበርኩ። ደረቴን መታሁ፣ ፀጉሬን ነጨሁ። አገር ቤት ሴት እንዲህ ስትጮህ ጎረቤት ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ ጩኸቷ ሰው ይጠራል። እዚያ ጫካ ውስጥ ግን ድምፄ ዛፎቹ መሃል ገብቶ ቀረ፣ ምንም አልተመለሰም። «ሳላይሽ፣ ሳላይሽ» እያልኩ ጮህኩ። ትዕግሥት ወገቤን ይዛ አብራኝ ታለቅሳለች።

በመንገዱ ታልፍ የነበረች አንዲት ሸምገል ያለች ነጭ ሴት ምርኩዟን ይዛ እየሮጠች መጣች። «ተጎድታለች? ሐኪም ልጥራ?» አለች በእንግሊዝኛ።

«እናቷ ሞተው ነው» አላት ጋሼ ተፈራ።

ሴትዮዋ ጃኬቷን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝና አጠገቤ ተንበረከከች። ከዚያ ቀና ብላ ጋሼ ተፈራን ጠየቀችው። «መቼ ነው የሞቱት?»

ጋሼ ተፈራ ኮፍያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ትናንት... ትናንት መሰለኝ።»

እያለቀስኩ ሰማሁት። እንዴት እንደሰማሁት እንጃ፣ ግን ያቺ አንዲት ቃል ከለቅሶዬ መሃል ነጥላ ያዘችኝ።

«መሰለኝ ምን ማለት ነው?» አልኩት በአማርኛ።

«አይ፣ ሰዓቱን በትክክል...»

«ማን ነው የነገረህ?»

«ዳንኤል ነዋ። ትናንት ቀን ደወለልኝ።»

«ምን አለህ? እሱ ያለውን ቃል ንገረኝ።»

ጋሼ ተፈራ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ አሰበ። «'ጋሼ፣ ሂሩት ብቻዋን እንዳትሆን' አለኝ። 'አብራችኋት ሁኑ፣ እናንተ ምንም አትንገሯት፣ ነገ እኔ እደውልላታለሁ' አለኝ። ያለቅሳል። 'ገባኝ ልጄ፣ አታስብ፣ እኛ አለን' አልኩት። አመስግኖኝ ዘጋ። ሶ፣ መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፣ ባባትሽ ጊዜ የሆነውን እናውቃለን። ከስልክ ትራቅ፣ በወጉ ነገ እናርዳት ብለን...»

«ሞተች አለህ?»

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር እኮ እንዲያ ተብሎ አይነገርም።»

«ጋሼ፣ ሞተች አለህ ወይ?»

«አላለም።»

«ጠየቅከው?»

«እንዴት ብዬ ነው የምጠይቀው?» አለ። ድምፁ እንደ ሕፃን ልጅ ድምፅ ቀጠነ። «እናቱ ለሞተችበት ልጅ 'ሞተች ወይ' ይባላል?»

ትዕግሥት ቀስ ብላ ከወገቤ ላይ እጇን አነሳች። ወደ እሷ ዞርኩ።

«ሂሩትዬ፣ ጠዋት አንቺ ተኝተሽ ዳንኤል ደጋግሞ ደውሎ ነበር» አለች። «ይነግራታል፣ መኪና ውስጥ ትወድቅብናለች ብዬ ስልክሽን ድምፁን አጠፋሁት።»

ያኔ የተሰማኝን ልክ እንደነበረ መናገር አልችልም። ተስፋ ነው እንዳልል አስፈሪ ነበር። ጠጠሩ ላይ ያፈሰስኩትን እንባ ማን ይሰበስበዋል? ለሰው በቁሙ ማልቀስ ሟርት ነው ይባላል። እናቴ ካለች፣ በገዛ አፌ ገድያታለሁ ብዬ አሰብኩ።

ተነስቼ ሮጥኩ። ያ ቀላል መንገድ፣ ሕፃን ልጅ የሚሄድበት ሜዳ መንገድ፣ አላልቅ አለኝ። ድልድዩን አለፍኩ፣ ክብ የቆሙትን ዛፎች አለፍኩ። የሴትዮዋ ጃኬት ትከሻዬ ላይ እንዳለ ነው፤ እስከ ዛሬ እኔ ጋ አለ። መግቢያው ላይ የቆመውን ጠባቂ ስልክ ለመንኩት። ወደ ውጭ አገር አይደውልም አለኝ። ሲግናል የሚገኘው በመጣንበት መንገድ ተመልሰን ገደሉን ስንጨርስ መሆኑን ነገረኝ።

ጋሼ ተፈራ እያነከሰ ደረሰ። ስልኬን ከትዕግሥት ተቀብዬ፣ በሁለት እጄ ይዤ ሲግናል የሚታይበትን ጥግ ብቻ አያለሁ። መንገዱ ተጠማዘዘ፣ ጉሙ ወረደ፣ ከፊታችን አንድ የጎብኝዎች መኪና ባሕሩን እያየ ይንቀራፈፋል። ጋሼ ተፈራ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልይ ነበር መሰለኝ። ትዕግሥት «አለች፣ ታያለሽ፣ አለች» አለችኝ። «ዝም በይ» አልኳት። ከሷ አፍ ደግ ቃል መስማት አልፈለግኩም።

መንገዱ ከገደሉ ወጥቶ ሜዳው ሲጀምር ስልኬ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ያመለጡኝ የዳንኤል ጥሪዎች እየተከታተሉ ገቡ። ጋሼ ተፈራ ዳር ይዞ አቆመ። ደወልኩ።

«የት ነበርሽ?» አለ ዳንኤል። «ሂሩት፣ የት ነው የጠፋሽው? ቀኑን ሙሉ...»

«እማዬ አለች?»

«አለች።»

መኪናው ውስጥ ትዕግሥት አፏን ያዘች። ጋሼ ተፈራ ራሱን መሪው ላይ ደፋ።

«አለች፣ ግን ቶሎ በይ» አለ ዳንኤል። «ከሆስፒታል ትናንት አስወጡን፣ እቤት ትሁን አሉን። ስትሰናበቺያት ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው ለጋሼ ተፈራ የደወልኩት። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ እያወራች ነበር። 'ሂሩት ደወለች?' ትላለች፣ 'ልትደውል ነው' እላታለሁ። ዛሬ ቅዳሜ መሆኑን ታውቃለች። አሁን ግን መመለስ ትታለች። ዓይኗንም አትገልጥም።»

«ጆሮዋ ላይ አድርግልኝ።»

የልብስ መንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከዚያ ትንፋሽ፣ ረጅም፣ በመሃሉ የሚቆምና እንደገና የሚጀምር።

«እማዬ» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

ትንፋሹ ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ። ሂሩት ነኝ። ያንቺ ልጅ።» የሷንም ድርሻ እኔው እያልኩ ሄድኩ፤ «ማነው» አልኩ፣ «እኔ ማን» አልኩ፣ «የማን ልጅ» አልኩ። አንዷን ቃል ብቻ ለሷ ተውኩላት። ጠበቅኩ። ከባሕሩ የመጣው ነፋስ መኪናውን ይገፋዋል። ጠበቅኩ።

ዳንኤል ስልኩን አነሳው። እያለቀሰ ነበር። «ሰምታሻለች» አለኝ። «ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። 'ግቢ' ያለችሽ መሰለኝ።»

ሳንታ ባርባራ ሳንደርስ እንደገና ደወለ። ዝም ሲልብኝ «ቃሉን በለው» አልኩት። «ሞተች» አለኝ። ወንድሜን ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ጋሼ ተፈራ መኪናውን ላቁም ወይ ብሎ በመስታወቱ አየኝ፤ ንዳ አልኩት። ለሁለተኛው ለቅሶ እንባ አልነበረኝም። እንባዬን ጫካው ውስጥ፣ እሷ ስሜን እየጠራች ሳለ፣ ጨርሼዋለሁ።

እሑድ ጠዋት ሰው እንደታቀደው ቤቴ ሞላ። የተላኩት ሴቶች መርዶውን ሊያረዱኝ ሲገቡ ጥቁሩን ቀሚስ ለብሼ ቁጭ ብዬ አገኙኝ። ጋሼ ተፈራ አልገባም። አፓርትመንቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ዋለ፣ ምግብ ሲወጣለትም አልነካም። ልብሴን ከቁም ሳጥን ያወጣችው ትዕግሥት በየሰዓቱ ውሃ ታመጣልኛለች፣ ፊቴን ግን አታየውም።

ተቀየምኳቸው። ለረጅም ጊዜ ከትዕግሥት ጋር አንድ ቤት እየኖርኩ ከሰላምታ በቀር አላወራኋትም። ቤት ልቀይር ሁሉ ፈልጌ ነበር። ቁጣዬ የበረደው ማንም መክሮኝ አይደለም። አንድ ቀን ጋሼ ተፈራን ጎዳናው ላይ ቆሞ ስልክ ሲያወራ አገኘሁት። ከአገር ቤት ነው የተደወለለት። «ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ፣ ነውር ነው፣ ግን እጠይቅሃለሁ» ይላል። «አባትህ ሞተዋል ወይስ በሕይወት አሉ? በግልጽ ንገረኝ።» ከወዲያ ያለው ሰው ሳይሰድበው አልቀረም፤ ፊቱ ጠቆረ። ግን መልሱን እስኪሰማ ስልኩን አልዘጋም። ከዚያ ወዲህ «ሽማግሌው አፉ ሻከረ፣ ወግ ረሳ» ይሉታል። እኔ ሲያሙት ስሰማ ተነስቼ እወጣለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከእናንተ መሃል አሁን እየደበቀ ያለ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ለእኅቱ፣ ለጓደኛው፣ ማዶ ላለች እናቱ። ደህና ነው፣ እየተሻለው ነው፣ ነገ ይደውልልሻል የምትሉ። ክፋት አለባችሁ አልልም። እኔን ያሳጣኝ ክፋት አይደለም። ትራስና ብርድ ልብስ፣ የተላጠ እንቁላል፣ ተመርጦ የተገኘ ሜዳ መንገድ ነው ያሳጣኝ። ወድቃ ግንባሯ እንዳይፈነዳ ብለው ነው። ግንባር ግን ይሰፋል። እባካችሁ ጠይቁ፣ እባካችሁ ንገሩ። ቃሉ ቢከብድም ሰው ይሸከመዋል።

ይህን ለሁሉም እናገራለሁ፤ በለቅሶ ቤትም፣ በሠርግ ቤትም፣ ሰው እኔን መስማት እስኪሰለች ድረስ። ዳንኤልን ግን አንድ ነገር እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። ያን ሌሊት በእርግጥ ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ እንደሆነ። ወንድሜ እንደሚወደኝ አውቃለሁ፣ የሚወዱ ሰዎች ምን እንደሚሉም አውቃለሁ። በየቅዳሜው ስንደዋወል ጥያቄው አፌ ላይ ይደርስና «ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ብዬ አልፋለሁ።